የቤተ መጻሕፍቱ ርክክብ

ሳና ካርቶኑን ከግድግዳው ልታርቀው ከሥሩ ስትይዘው ጣቶቿ ወደ ውስጥ ሰመጡ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ሽታ። ቀና ብላ ግድግዳውን አየችው። ክረምቱን ሙሉ ከተሰበረው አሸንዳ የፈሰሰው ውሃ ከጣሪያው ጀምሮ ቡናማ መስመር እየሠራ ወርዶ፣ ካርቶኖቹ ከተደረደሩበት ኋላ ገብቷል።

«ፈቲ፣ ይሄ በስብሷል» አለች።

እህቷ ፈትያ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ መጣች። ጎንበስ ብላ አንዱን ነካች፣ ቀጥሎ ያለውን ነካች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ሳና የካርቶኑን ፕላስተር ልትልጥ ስትል እጇን ያዘቻት።

«አትክፈቺው። ነገ ርክክብ ነው።»

ፈትያ፣ ሳና አሥረኛ ክፍል በምትማርበት የቦሌ አራብሳ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ፋርማሲ ፈልጋ የደረሳት የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ነበር፤ እያለቀሰች ገብታ ወድዳው ወጣች። ከዚያ ወዲህ ምኞቷ አንድ ነው፣ በዚያው ማስተርሷን መሥራት። የመግቢያውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃ ዘንድሮ አለፈች። ትራንስክሪፕቷም፣ የመምህራኖቿ የድጋፍ ደብዳቤም ተልኳል። የቀራት አንድ ጽሑፍና ከትምህርት ቤቱ ንብረት ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ክሊራንስ ብቻ ነው። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ሚኒባስ የሚነዳው አባታቸው አብዱራሕማን «መጽሐፍ ለመጠበቅ ደግሞ ማስተርስ?» እያለ ሲስቅ ከርሞ፣ ዘንድሮ ካልተሳካ ሳሊተ ምሕረት ያለው የአጎቷ ሱቅ እንድትገባ ቃል አስገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ መጽሐፍ ሁሉ በፈትያ ስም ተፈርሞበታል። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ፣ አረጋዊ የሚባል፣ ለጠየቀው ሁሉ የሚያውስ ሰው ነበር፤ ሥራውን ሊለቅ ሲል የጎደለው ተቆጥሮ፣ ክሊራንስ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ትምህርት ቤቱ ሁሉ አይቶታል። ፈትያ ከእሱ ተማረች። መደርደሪያዎቹን በሽቦ አጥራ ቁልፍ አደረገችባቸው። በእርዳታ የመጡትን አዳዲስ መጻሕፍት ደግሞ ጭራሽ ከካርቶናቸው አላወጣቻቸውም። ተማሪው የራሱን ደብተር ይዞ ይመጣል፣ ጸጥ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጠናል፣ ይሄዳል። አምና ሳና አንድ ልቦለድ ብቻ እንድታወጣላት ለምናት ነበር። «ለአንቺ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው» ብላ መለሰቻት። ሳና ያን ጊዜ በጣም ተናዳባት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገቡ ፈትያ ስልኳን ሰጠቻት። ከማመልከቻዋ ጋር የምትልከው ጽሑፍ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስህተት ካለው እንድታይላት ፈልጋለች። ሳና ማንበብ ጀመረች። የሕይወቴ ዓላማ መጽሐፍን ከአንባቢ ጋር ማገናኘት ነው ይላል። ቀጥሎ በትምህርት ቤቱ ስላቋቋመችው የንባብ ክበብ ያወራል። የንባብ ክበብ የሚባል ነገር አልነበረም።

«አቦ ፈቲ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? የቱ ክበብ?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ሰዋስዉን ብቻ እዪልኝ።»

ሳና ስልኩን አስቀመጠችው። ክበቡ አይደለም ያስጨነቃት።

«ነገ ተረክባ የምትፈርመው እኮ ቲቸር ሔዋን ናት» አለች። «ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ሁሉ በእሷ ስም ሊሆን ነው።»

«ሲገባም የተቆጠረው በካርቶን ነው፣ ሲወጣም በካርቶን ነው። ማንም ክፈቺ አላለኝም።» የፈትያ ድምፅ ተቆረጠ። «እሺ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ። ሱቅ ልግባ?»

ከዚያም አለቀሰች። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ስትወድቅ ያላለቀሰችው እህቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በሻርፏ አፏን ይዛ አለቀሰች። ሳና ፈራች። እንዳትናገር ስትለምናት እሺ አለቻት፤ እሺ ስትልም ከልቧ ነበር።

በማግስቱ የንብረት ክፍሉ አቶ መኩሪያ መዝገቡን እያነበቡ፣ ቲቸር ሔዋን ምልክት እያደረገች መደርደሪያ በመደርደሪያ ተቆጠረ። አንድም አልጎደለም። አቶ መኩሪያ እንዲህ ያለ ንጹሕ ርክክብ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ፈትያ አንገቷን ደፋች። ሳና ዕቃ በማንሣት እንድታግዝ ከክፍል ተፈቅዶላት በሩ አጠገብ ቆማለች። ሔዋን ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ቤተ መጻሕፍቱን ደርበሽ ያዢ ተብላ ነው የመጣችው። ካርቶኖቹ ጋ ሲደርሱ ደስ ብሏት ሳቀች። ሰኞ ከፍታ ለልጆቹ እንደምታድላቸው፣ ትንንሾቹን ክፍሎች በየተራ እንደምታመጣቸው ለአቶ መኩሪያ ትነግራቸው ጀመር። እያወራች እስክሪብቶውን ተቀበለች።

ፈትያ ሳናን አየቻት። ሳና እህቷን እንዲህ በዓይኗ ስትለምን አይታት አታውቅም። ዝም ብትል ፈትያ ዓርብ ትመዘገባለች፣ ይህቺ ሴት ደግሞ ሰኞ ካርቶን ትከፍታለች።

«ቲቸር» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ከመፈረምዎ በፊት ይክፈቷቸው።»

ተከፈቱ። መጻሕፍቱ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆነዋል፤ ጠርዛቸው አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። አቶ መኩሪያ አንዱን ገልብጠው አዩና መልሰው አስቀመጡት። ኮሚቴ ተቋቁሞ እስኪያጣራ ክሊራንስ እንደማይሰጥ ተናግረው ወጡ። የኮሚቴ ሥራ እስከ ዓርብ እንደማያልቅ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሔዋን የፈትያን ትከሻ ነካ አደረገችና ተከተለቻቸው።

ሳና ስድብ ጠበቀች፣ ጥፊም ጠበቀች። ፈትያ ግን መሬት ላይ፣ ካርቶኖቹ መሀል ቁጭ አለች።

«ማንም አልነካቸውም እኮ» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «አንድ ልጅ እንኳ አልነካቸውም።»

ሳና ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ግን ያደረገችውን ደግማ እንደምታደርገው ስለምታውቅ ቃሉ ከአፏ አልወጣም። ውጭ ደወል ተደወለ፣ ልጆች እየተንጫጩ በመስኮቱ በኩል ወደየክፍላቸው ሮጡ።

እሷ አልሄደችም። ከእህቷ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠችና ከላይ ያለውን መጽሐፍ አንሥታ በጥፍሯ ገጾቹን መለያየት ጀመረች። የመጀመሪያው ተቀደደ። ሁለተኛውም ተቀደደ። ፈትያ አላየቻትም፣ ሂጂም አላለቻትም። ሳና ሦስተኛውን ገጽ ቀስ ብላ ያዘች።