ከዘጠኝ የማያልፈው መኪና

የሂሳብ መኪናው መዘውር ዞረ። ዘጠኝ ቁጥር ወደ ዜሮ ተገለበጠ፤ አጠገቡ ያለው ጥርስ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ዛሬም አልተሻገረም» አለች ሀስና።

አያቷ አቶ አብዱልሐሊም መዘውሩን ለቀቁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወልድያ ላይ የጽሕፈትና የሂሳብ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጦርነቱ ሲቃረብ ይህንን አሮጌ የሂሳብ መኪናና የመሣሪያ ሳጥናቸውን ብቻ በጋቢ ጠቅልለው መርሳ፣ ልጃቸው ቤት ገቡ። ጦርነቱም ተከትሏቸው መጣ። ሱቃቸው መዘረፉን ከሰሙ ወዲህ ፊታቸው የሚፈታው መኪናውን ሲፈቱ ብቻ ነው።

ከተማው መብራት የለው፣ ስልክ የለው፤ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። ሀስና ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ወደ መኪናው ሆድ ስታይ፣ እንደ ጉንዳን አንሳ በጥርሶቹ መካከል የምትሄድ ይመስላታል። ከመስኮት የገባው ፀሐይ ናሱን ወርቃማ ጎዳና ያደርገዋል። እዚያ ውስጥ ተኩስ አይሰማም።

«ሞላዋ ደክማለች» አሉ አያቷ። «ዘጠኝ ሲያልፍ ቀጣዩን ጥርስ የምትገፋው እሷ ናት። የእነ ትንሳኤ ቤት ቁልፍ አንቺ ጋ አይደል?»

ሀስና ቀና አለች። ጓደኛዋ ትንሳኤ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ደሴ ስትሸሽ «ዶሮዎቹን አደራ» ብላ ቁልፉን የሰጠችው ለእሷ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ የዚህ መኪና መንታ አለ።

«ለአባቷ ለገበየሁ እኔው ነኝ የሸጥኩለት። ሞላዋን ፈትተሽ አምጪልኝ። ሲመለስ እነግረዋለሁ።»

«እሺ አባባ።» እምቢ ብላቸው አታውቅም።

ለዶሮዎቹ ጥሬ በትና ወደ ሳሎን ገባች። መኪናው በዳንቴል ተሸፍኗል። ቁጥሩን ዘጠና ዘጠኝ አድርሳ መዘውሩን ስታዞረው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተንከባለለና መቶ ሆነ። ደግማ አዞረችው። ድምፁ ባዶውን ቤት ሰው ያለበት አስመሰለው። እጀታው ላይ ትንሳኤ በልጅነቷ በምስማር የጫረችው «ት» አለ።

ይዛ የመጣችውን ካቻቢቴ የሞላዋ ብሎን ላይ አሳረፈች። አላዞረችውም። ጎንበስ ብላ የሞላዋን አጠማዘዝ ለረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ ዳንቴሉን መለሰች።

«የለም እንዴ?» አሏት አያቷ ባዶ እጇን መመለሷን አይተው።

«አለ። ይሠራል። ሞላዋን ብወስድ ያኛው ይቆማል፣ አባባ።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ድሮማ ሞላ እኔው ነበርኩ የምጠመዝዘው» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት፤ ይንቀጠቀጣል። «አሁን እምቢ አለኝ።»

ስለ እጃቸው ለማንም ነግረው አያውቁም። ሀስና ከመሣሪያ ሳጥኑ ቀጭን የብረት ሽቦ አወጣች፤ እነ ትንሳኤ ቤት አይታ እንደመጣችው ወፍራም መርፌ ላይ መጠምዘዝ ጀመረች። ሽቦው ተስፈንጥሮ ወደቀ። እንደገና ጠመዘዘችው።

«ላላች» አሉ አያቷ፣ ወንበራቸውን ወደ እሷ እያስጠጉ።

ሀስና ሽቦውን አቃናችና ከጫፉ ጀመረች።