የማንቆርቆሪያው ፈገግታ

ሥራዋ ዕቃን ሰው ማድረግ ነበር። በልጆች አኒሜሽን ፊልም ውስጥ ማንቆርቆሪያው፣ መጥረጊያውና ጃንጥላው ይናገራሉ፤ እሷ ከካርቶን ዓይን፣ አፍ፣ እጅና እግር ትቆርጥላቸዋለች። ዛሬ ማንቆርቆሪያው ላይ የተለጠፈው አፍ ነገ ተነቅሎ ለጃንጥላው ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ለሁሉም እንዲስማማ አድርጋ መቁረጥ ነበረባት።

ለዕቃዎቹ ድምፅ የሚሰጠው ወጣት ሲቀረጽ ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ወዲህ ተቀምጣ ከንፈሩን ታያለች። «አ» ሲል እንዴት እንደሚከፈት፣ «ኡ» ሲል እንዴት እንደሚሞጠሞጥ ትስላለች። ከላይኛው ከንፈሩ በስተግራ የልጅነት ጠባሳ አለ፤ ሲስቅ አፉ ወደዚያ ያዘነብላል። አንዳንዴ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። እሷ ታቀረቅራለች፤ እሱም የሚያነበው መስመር ይጠፋዋል።

የፊልሙን የመጀመሪያ ክፍል ሠራተኛው ተሰብስቦ ሲያየው ማንቆርቆሪያው ፈገግ አለ፤ ወደ ግራ አዘንብሎ። መጥረጊያውም፣ ጃንጥላውም እንደዚያው።

«ይሄማ የኛው ልጅ ነው፤ ቁርጥ እሱን» አለ ካሜራማኑ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በማግስቱ ከሥራ ቀረ፤ ስልክም አላነሳ አለ።

ብትጠብቅ ብትጠብቅ ሳይመጣ ሲቀር እህቱ ልብስ ወደምትሰፋበት ሱቅ ሄደች። እሱ ከኋላ ቆሞ ልብስ ይተኩሳል። እህትየው ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ደግሞ ልትስቂበት ነው የመጣሽው?»

«ይቅርታ ልጠይቀው ነው፣ እትዬ።»

እሱ ካውያውን አስቀመጠ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

«ልጅ ሆኜ አፈ ጠማማው ይሉኝ ነበር» አለ። «ድምፅ ሥራ የገባሁት ፊቴን ማንም እንዳያይ ብዬ ነው። አንቺ ስታዪኝ ግን… ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር።»

«ሌላ ነገርማ ነው» አለች። «ቀጥ ያለ አፍ ልቆርጥ ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈገግታ ሳስብ ያንተ ነው የሚመጣብኝ። ሳልጠይቅህ ማድረጌ ጥፋት ነው። ካልክ ሁሉንም እቀይራለሁ።»

የእህትየው ስፌት መኪና ዝም አለ።

«አትቀይሪው» አላት በመጨረሻ፣ ቀና ብሎ። «አሁን ግን ወረቀት ሳትይዢ እዪኝ።»

አየችው። ፊቱን አላዞረባትም።

እህትየው ከወንበሯ ተነሳች። «ደንበኛ መጣ መሰለኝ» ብላ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ደጅ ላይ ማንም አልነበረም።