መራራው ዘር

የጭማቂ ፋብሪካው ሹፌር መጀመሪያ ያያት ወለል ላይ ተንበርክካ ነው። የተሸከመው ከረጢት ቤተ ሙከራው በር ላይ ተቀዶ የአቮካዶ ዘር ኮሪደሩን ሙሉ ሲንከባለል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ተመራማሪ ወጥታ አብራው ትለቅም ጀመር።

«ይተዉት ዶክተር፣ ልብስዎ ይቆሽሻል። እኛ የምንጥለው ቆሻሻ እኮ ነው።»

«ቆሻሻ አትበለው። ምናልባት የወባ መድኃኒት ይወጣው ይሆናል።»

እሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። በዚያ ዓመት ወባው ከፍቶ ነበር። የተለመደው ክኒን የማይመልሳቸው በሽተኞች በዝተው፣ ለቅሶ ያልገባበት ሰፈር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ዘሩን አራግፎ ቶሎ አይሄድም። ስታደርቀው፣ ስትፈጨው፣ አልኮል ውስጥ ስትዘፈዝፈው ቆሞ ያያል። ባልደረቦቿ «ጭማቂው መጣልሽ» እያሉ ያበሽቋታል። «እርስዎ» ማለቱ መቼ «አንቺ» እንደሆነ ሁለቱም አላስተዋሉም።

አንድ ቀን ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ ክንዱን ያዘችው።

«ገደለው... የወባውን ተህዋሲ ገደለው።»

«እውነትሽን ነው?»

«በዓይኔ አየሁት።»

ቀስ ብሎ፣ «እናቴ ክኒኑን ጨርሳ ትኩሳቱ ተመልሶባታል» አላት።

«ሆስፒታል ውሰዳቸው። በመርፌ የሚሰጥ አለ።»

እሺ እንደማለት ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

እሷ ከዘሩ ያወጣችውን ለአይጦች መስጠት ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ መብል ተዉ። ፀጉራቸው ቆሞ ጥግ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ጠዋት ስትገባ ክፍሉ ጭር ብሏል፤ ሁሉም ሞተዋል። ከፍታ ስታያቸው ጉበታቸው ተበላሽቷል።

ያን ቀን ዘር ያመጣው ሌላ ሹፌር ነበር።

«የእኔውስ የት ሄደ?» አለችው፣ «የእኔው» ማለቷ ሳይታወቃት።

«አሞታል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ታከም ስንለው እሺ አይልም። የእርስዎን ዘር እየቀቀለ ነው አሉ የሚጠጣው።»

ቤቱን ከሹፌሩ ጠይቃ፣ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች።

በሩን የከፈቱላት እናቱ ናቸው፣ በትኩሳት እየተንዘፈዘፉ፣ ግድግዳ ተደግፈው። ልጃቸው አልጋው ላይ ቀና ሊል ሞክሮ አቃተው። ከራስጌው ቡናማ ፈሳሽ የሞላበት ጆግ ተቀምጧል።

«ለእናትህ ሰጠሃቸው?»

«ገና ነኝ። መጀመሪያ እኔ ልሞክረው ብዬ ነው። እናት እኮ ናት፣ ዝም ብሎ ይሰጣል?»

«መርዝ ነው።»

«አንቺ አይደለሽ ገደለው ያልሽኝ?»

«ብርጭቆ ውስጥ ነው የገደለው። ብርጭቆ ጉበት የለውም... አንተ ግን አለህ።»

በጎረቤት መኪና ሁለቱንም ሆስፒታል አደረሰች። የእናትየው ትኩሳት በመርፌው በረደ። የእሱ ሕመም ግን ባሰ። ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶ፣ «ጉበቱ ራሱ ካላገገመ እኛ የምንጨምርለት የለም፤ ለሁሉም ተዘጋጁ» አላት። በሽተኛው ሰው መለየት አቆመ። አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ እሷን ይጠራል፣ ስትመልስለት አያውቃትም።

እናቱ ከአልጋቸው እንደተነሱ መጥተው ፊቷ ቆሙ።

«ልጄን ምን አጠጣሽብኝ?»

አላጠጣሁትም ልትል ትችል ነበር። አላለችም። ከአጠገቡም አልራቀችም። ቆማ ግንባሩን ታብሳለች፣ ከንፈሩን በውሃ ታርሳለች። አሮጊቷ ማዶ ተቀምጠው ያዩዋታል፤ አያናግሯትም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዓይኑን ገልጦ ለረጅም ጊዜ አያት።

«አይጦችሽስ?»

«ሞቱ።»

«ሥራሽስ?»

«ይህኛው አይሆንም። ሌላ ዘር እሞክራለሁ።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ስለተረፍክልኝ ነዋ...»

እናቱ ተነስተው የተቀመጡበትን ወንበር ወደ አልጋው ሳቡት። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ። ቆመሽ ዋልሽ» አሏት።

ተጋቡ። እሱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ቶሎ ይደክመዋል፤ ረጅም መንገድ መንዳት ትቷል። ወባውም አልጠፋም፤ ዝናቡ ባበቃ ቁጥር የትኛው ሰፈር እንደሚጀምር ሁሉም በፍርሃት ይጠብቃል። እሷ አሁንም ፋብሪካ የጣለውን ዘር ትፈጫለች፤ ምን እንዳገኘች ግን ማንም ቢጠይቃት ቶሎ አትመልስም።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙራ ዓይኑን ትመረምራለች።

«ነጭ ነው?» ይላታል።

«ነጭ ነው» ትለዋለች። የምትስመው ከዚያ በኋላ ነው።