በሚርያም ስም የዘረጋሁት ካርታ

የሆነውን እንጂ የመሰለኝን አልጽፍም። ያልገባኝንም እንደገባኝ አድርጌ አላቀርብም።

አንባቢ ቢያምነኝ ደስ አይለኝም... ባያምነኝም አልቀየምም። ነገሩ ግን ሆኗል።

ቀኑ ሐሙስ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ቦታው ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ሚርያም ኤርሳዶና እኔ በጋራ የተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት።

ብርሃን ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጨለማ አሳስቷት ነው እንዳይባል ነው።

ሚርያም የቤሌ ከተማ ልጅ ናት። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህርት ነበረች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ አገሬ ከተመለስኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። ክፍሎቻችንን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር።

እኔ ዝምተኛ ነኝ። እሷ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

"ሚስ ፈጠነች፣ ሳቅ ቀረጥ ይከፈልበታል እንዴ?" ትለኝ ነበር።

ከአልጋዬ ሥር በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ የደበቅሁት ነገር ነበረኝ። ሰባ ስምንት ባለ ሥዕል ካርታዎች። ታሮት ይባላሉ፤ ዕጣ ፈንታ ይነበብባቸዋል። አዲስ አበባ ስማር ክፍል ያከራየችኝ አርመናዊት ልብስ ሰፊ፣ ማዳም አራክሲ፣ ማንበብ አስተምራኝ ስንለያይ የሰጠችኝ ናቸው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ካርታው ቢታወቅ ከጉባኤው እለይ ነበር።

ሚርያም አንድ ቀን አይታዋለች።

"ይኼ የሰይጣን ነው። ጣይው፣ እህቴ" አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው። "ሥዕሉ ግን ያምራል።"

ለማንም አልተናገረችም።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ገላዬን ስታጠብ በግራ ብብቴ ሥር እብጠት አገኘሁ። የባቄላ ፍሬ ታህላለች። አታምም።

ሐኪሙ ነካካት። ከዚያ፣ "ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ። ካደገች እናወጣታለን" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ለማንም አልነገርኩም። ለካርታው ግን ነገርኩት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ለራሴ አሥራ አንድ ጊዜ ዘረጋሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ እድናለሁ ወይስ እሞታለሁ?

በየጊዜው ያው አንድ ካርታ ይመጣል። በግንባሩ የተደፋ ሰው፣ ጀርባው ላይ አሥር ሰይፎች የተተከሉበት።

ሲመጣ፣ "ይህ ድካም ነው" እላለሁ። ሲደግም፣ "ይህ ከትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጋር የተጨቃጨቅነው ነገር ነው" እላለሁ። ኮከብ ያለባት ካርታ የመጣች ዕለት ግን ምንም ማብራሪያ አልፈለግሁላትም። ለክፉው ትርጉም እፈጥርለታለሁ፤ ደጉን እንዳለ እወስደዋለሁ።

ማዳም አራክሲ ይህን አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር።

"ለራስሽ አታንብቢ። ግድ ከሆነብሽ፣ ከፊትሽ የተቀመጠ ባዕድ ሰው እንዳለ አድርጊ። መጀመሪያ የታየሽን ጻፊ። አትድገሚ።"

ባዕድ ስትል ስም የሌለው ሰው ማለቷ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ ስም ያለው ሰው መረጥኩ።

በዚያ ሐሙስ ሚርያም ቅርጫቷን ይዛ ስድስት ሰዓት ላይ ገበያ ሄደች። ከዳሞታ የወረደው ጭጋግ ከጓሮው እንሰት ላይ ተኝቶ ነበር። ካርታዎቹን በወዝኩ። ደብተሬን ገለጥኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ልክ እንደ ተማሪ ስም፣ ጠራሁ...

"ሚርያም ኤርሳዶ!"

"አቤት?"

ከመጋረጃው ወዲያ ነበር።

እጄ ካርታው ላይ ቀረ።

"ሚርያም?" አልኩ በሹክሹክታ።

ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አዘነበልኩ።

"ተመለስሽ እንዴ?"



ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። ማንም አልነበረም። ጫማዋ የለም። ነጠላዋ የለም። አልጋዋን ሁልጊዜ ሳይሸበሸብ ነው የምታነጥፈው። ጫፉ ላይ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጎድ ብሏል።

መዳፌን አሳረፍኩበት።

ይሞቃል።

ማንኛውም ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ካርታውን ይሰበስባል። እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩና ዘረጋሁ። ማወቅ ፈልጌ ነበር። ኃጢአቴ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የተወለደ ነው።

አሥሩ ሰይፍ መጣ። በዚህ ጊዜ አላመነታሁም። በሕይወቴ ያን ያህል ሚዛናዊ ሆኜ አላውቅም። የማሳዝነው ሰው ከፊቴ አልነበረም፤ ስለዚህ የታየኝን በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩ፦

"ሚርያም ኤርሳዶ። አዲሱ ዓመት ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ትሞታለች።"

ከዚያ ካርታውን ወደ ቆርቆሮው መለስኩ።

ሚርያም አሥር ሰዓት ላይ ዝናብ መቷት ገባች። ጎደሬና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች።

"ምነው፣ ጠርተሽኝ ትጠፊያለሽ?" አለችኝ።

"የት?"

"ገበያ ነዋ! ከኋላዬ ሚርያም ኤርሳዶ አላልሽም? ከነአባቴ ስም! አቤት ብዬ ስዞር የለሽም። ቅቤ ሻጯ እስክትወድቅ ሳቀችብኝ።"

"ስንት ሰዓት ነበር?"

"ሰዓት አለኝ እኔ? ስምንት አልፏል።"

እኛ ቤት ልጅ አፉን እንደፈታ የሚማረው አንድ ነገር አለ። ጠሪውን ካላየህ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አትበል። ሁለተኛውን ጠብቅ። ሦስተኛውን ጠብቅ። የጠራህ ሰው ከሆነ ይደግማል። እናቴ ይህን ስትነግረን አትስቅም ነበር።

"በመጀመሪያው መለስሽ?" አልኳት።

"ዩኒቨርሲቲ የገባሽው አንቺ አይደለሽም?" አለችና ፀጉሯን ጨመቀች። "እኔ የጌታ ነኝ፣ ማንም ይጥራኝ። ቢያንስ ጠሪ አላጣሁም!"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እሑድ ጠዋት ወደ ጸሎት ከመሄዴ በፊት ስታጠብ ጣቴ በግራ ብብቴ ሥር ፈለገ። ደግሞ ፈለገ።

እብጠቷ የለችም።

ቆዳዬ ለስላሳ ነበር። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አይገባኝም። በዚያን ቀን ዝማሬ ላይ ከሁሉም በላይ ድምፄን ያሰማሁ እኔ ነበርኩ። ሚርያም እንኳ ዞር ብላ አይታኝ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ከአምስት ቀን በኋላ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ክፍሌ ገባች። ሳቋ አልነበረም።

"እስኪ እጅሽን ስጪኝ።"

ሰጠኋት። ወስዳ በግራ ብብቷ ሥር አደረገችው።

"ባቄላ አታህልም?"

እጄን ቀስ ብዬ መለስኩ።

"ለማንም እንዳትነግሪ። እናቴ ከሰማች ሳልሞት ታለቅስብኛለች። አንቺ ጸልዪልኝ። እ?"

"እሺ" አልኳት።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሚርያም፣ የኔን ነው የሰጠሁሽ። አልተናገርኩትም። ብናገር ይቅር እንደምትለኝ አውቅ ነበር፤ ይቅርታዋን ግን አልቻልኩትም።

በስም የተከፈተ ነገር በስም ይዘጋል ብዬ አሰብኩ። ማንም አላስተማረኝም። ጳጉሜን 2 ቀን ሚርያም ወደ ቤሌ ለመጓዣዋ ዕቃ ልትገዛ ወጣች። በር ዘጋሁ። ያንኑ ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ከሩብን፣ ጠብቄ ካርታውን በወዝኩ።

"ፈጠነች ደገፉ!" ብዬ ጠራሁ።

የራሴን ስም።

ከዚያ የሚቀረኝ አንድ ቃል ነበር። አቤት ማለት። በመጀመሪያው ጥሪ፣ እሷ እንዳደረገችው።

ከመጋረጃው ወዲያ የሆነ ሰው ትንፋሹን ያዘ። መልሴን እንደሚጠብቅ ሰው...

አፌን ከፈትኩ።

 በግራ ብብቴ ሥር ያለው ለስላሳ ቆዳ ትዝ አለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ መሆኑ ትዝ አለኝ።

አፌን ዘጋሁ።

ከመጋረጃው ወዲያ ትንፋሹ ቀስ ብሎ ተለቀቀ።

ካርታውን ሰበሰብኩ።

በማግስቱ ሚርያምን የቤሌ አውቶቡስ ላይ ሸኘኋት። ለጊፋታ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የወላይታን አዲስ ዓመት ከዘመዶቹ ጋር ይቀበላል። በመስኮት እጇን ዘረጋችልኝ። እጇ ቀልሏል።

"ከጊፋታው ሥጋ እልክልሻለሁ። ብቻሽን ጎደሬ ስትበዪ እንዳይታየኝ።"

"ሚርያም..."

"ወይ?"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

"ምነው ፊትሽ?" ብላ ጮኸች እየሳቀች። "የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ጥቅምት ውስጥ ወንድሟ ሻንቆ ሳጥኗን ሊወስድ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። መቀበሯን ያወቅሁት ከአቋቋሙ ነው።

ሳጥኑን ካሰረ በኋላ አልሄደም።

"ሚስ... አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቅ።"

"መጨረሻ ላይ ዝም ብላ አቤት ትላለች። ፊቷን ወደ ሶዶ መንገድ አዙራ፣ አቤት... አቤት። ማን ጠራሽ ስንል፣ ፈጠነች ናት ትላለች። ስሄድላት ትጠፋለች ትላለች።" መሬት መሬት አየ። "ጠርተዋት ነበር እንዴ?"

"አልጠራኋትም" አልኩ።

"እኛም ትኩሳት ነው ብለናል።"

እህቱን እንደ እህት ስለያዝኳት አመሰገነኝ። ሁለት እጄን ጨብጦ ጎንበስ አለ። ሳጥኑን ተሸክሞ ሲወጣ ከመጋረጃው ጋር ተጋጨና፣ "ይቅርታ" አለ።

ለእኔ አልነበረም። ፊቱ ወደ ሚርያም ክፍል ነበር።

በዚያው ሳምንት ካርታዎቹን አንድ በአንድ አቃጠልኩ። ዝውውር ጠይቄ ወደ ቢጠና ሄድኩ። ሐኪም በየዓመቱ ያየኛል። ጤነኛ ነሽ ይለኛል። በየዓመቱ ይህን ስሰማ አንገቴን እደፋለሁ፤ እሱ ዓይነ አፋር ነች ይላል።

አሁን 1962 ዓ.ም. ነው። የምኖረው ብቻዬን ነው። ቤቴ እንደ አጋጣሚ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። መጋረጃውን የሰቀለው የቀድሞው ተከራይ ነው።

ባለፈው ሐሙስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እያነበብኩ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ጭጋግ አለ። የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ከሩብ።

ከውጭ፣ ከበሩ አጠገብ...

"ፈጠነች ደገፉ!"

የሚርያም ድምፅ ነበር። ከነአባቴ ስም። ሳቅ እንዳፈነ ሰው ድምፅ።

መጽሐፉ ወደቀ። በሁለት እጄ አፌን አፈንኩ። ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅሁ። እናቴ እንዳስተማረችኝ... ጠበቅሁ።

ሁለተኛ ጥሪ አልመጣም።

እጆቼ አፌ ላይ እንዳሉ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከባዶው ክፍል፣ በገዛ ድምፄ፣ ረጋ ብሎና በጥንቃቄ፦

"አቤት።"