ቦቴ ቆሞ አደረ

የአሻንጉሊት ፋብሪካው ባለቤት በማሳያ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ቁስሉ ዙሪያ የትንሽ ጎማ ጥርስ ታትሟል። ፊት ለፊቱ ካለው ጠረጴዛ ላይ ክንድ የሚያህል የናስ ሮቦት ቆሞ ቁልቁል ያየዋል። ሟቹ ሰውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ሲያይ የኖረ ነበርና ይህን ቢያውቅ ይንገበገብ ነበር።

ሮቦቱ ቦቴ ይባላል። ፋብሪካው በሚያሠራው የካርቱን ፊልም ውስጥ እጅና እግሩን አጣጥፎ የውሃ መኪና የሚሆን፣ እሳት አጥፍቶ አንዲት ቃል ተናግሮ የሚሄድ ተራ ገጸ ባሕርይ ነው። ልጆች ግን ከዋናው ጀግና ይልቅ እሱን ወደዱት። ይህን የመጀመሪያውን የናስ ሞዴል በእጁ የሠራው፣ ቦቴን የፈጠረው ንድፍ ሠሪ ነበር። እሱም ዓምና በፋብሪካው መጋዘን ቃጠሎ ሞተ። ባለቤቱ ታዲያ ምን አደረገ? ሐዘኑ ሳይወጣ፣ ቦቴ ተቆልፎበት የሚቃጠልበት አንድ የካርቱኑን ክፍል አሠራና «የተቃጠለው ቦቴ» የሚል ጥቁር አሻንጉሊት ቸበቸበ። ለእንዲህ ያለ ሰው እንባ ከየት ይመጣል?

መርማሪው ሲደርሱ ፖሊሶቹ የፋብሪካውን ሻጋታ ሠሪ፣ የአሻንጉሊቶቹ ፕላስቲክ የሚፈስበትን ቅርጽ የሚያወጣውን ሰው፣ በካቴና አስረው ጨርሰዋል። መርማሪው ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሰው ሲያነጋግሩ ፊቱን ትተው እጁን የሚያዩ አዛውንት ናቸው።

«ምን አገኛችሁበት?»

«ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ደም ያለበት ጨርቅ» አለ ፖሊሱ። «ደግሞ ጌታዬ፣ ይህ ናስ ሁልጊዜ እንደ መኪና ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። ትናንት ማታ ከፍቶ ያቆመው ሰው አለ። የአሻንጉሊቱን ሻጋታ ከሠራው በቀር ማን ይችላል?»

«ልጆቼን ይንሣኝ አልነካሁትም!» አለ ሻጋታ ሠሪው። «ሻጋታውን ያወጣሁት ከሥዕል ነው። ናሱ እንዴት እንደሚከፈት ንድፍ ሠሪው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለማንም አላሳየም። አለቃ አንዴ በእንግዳ ፊት እከፍታለሁ ብሎ አንገቱን አጣመመው። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የነካው የለም።»

መርማሪው እስከ ክርኑ በግራሶ የጠቆረ እጁን አዩ። ከዚያ ጨርቁን አሸተቱ። የቀለም ማቅጠኛ፣ ቲነር ቲነር ይላል።

ከሻጋታ ሠሪው ሌላ ትናንት ከሟቹ ጋር ያመሹት ሁለት ናቸው። አንደኛው ለቦቴ ድምፅ ይሰጥ የነበረው ወፍራም ተዋናይ ነው።

«ጠልቼዋለሁ፣ አልዋሽም» አለ። «ቦቴን ሲያቃጥል የእኔንም ጉሮሮ ነው የዘጋው። ግን እዩኝ እስቲ፣ ደረጃውን ወጥቼ ትንፋሼ እስኪመለስ ሰውዬው አያመልጠኝም?»

«ናሱን መክፈት ትችላለህ?»

«የጃኬቴን ዚፕ ሚስቴ ነች የምትዘጋልኝ፣ ጌታዬ።»

ሁለተኛዋ የአሻንጉሊቶቹን ዓይን የምትቀባ ዝምተኛ ሴት ናት።

«እኔ ዓይን ነው የምቀባው። ሌላውን አላውቅም።»

«ንድፍ ሠሪውን ታውቂው ነበር?»

«የተቀጠርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው።»

«ሰክሮ ተኝቶ ነው የተቃጠለው ይላሉ።»

«ይበሉ! እሱ መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ መርማሪው ሁሉንም በማሳያ ክፍሉ ሰበሰቡና የሻጋታ ሠሪውን ካቴና አስፈቱ።

«በል፣ መልሰህ እጠፈውና አሳየን።»

በካርቱኑ ቦቴ መኪና ሲሆን አስቀድሞ ጭንቅላቱን ወደ ደረቱ ይከታል። ሻጋታ ሠሪውም እንዳየው ጭንቅላቱን ተጫነ። አልገባም።

«ጠንከር አድርግ!» አሉ መርማሪው።

የሰውዬው ላብ ተንጠፈጠፈ። የናሱ አንገት ሲጥ አለ።

«ተው! እጁን! መጀመሪያ እጁን!»

ሁሉም ዞር አሉ። የጮኸችው ዓይን ቀቢዋ ነበረች።

«ይህችን ነበር የምጠብቃት» አሉ መርማሪው ረጋ ብለው። «መጀመሪያ የነገረኝ ጨርቁ ነው። ሣጥኑ በግራሶ የራሰ ሆኖ ሳለ ጨርቁ ላይ ከደምና ከቲነር በቀር ጠብታ ዘይት የለም። እዚያ አላደረም፤ ዛሬ ጠዋት የከተተው ሰው አለ። ስለዚህ ገዳዩ ይህን ሰው ማስያዝ ፈልጓል። ናሱን ከፍቶ ማቆሙም ሁላችሁም ጣታችሁን ወደ እሱ እንድትቀስሩ ነው።»

«አላውቅም ብሎ እያስመሰለ ቢሆንስ?» አለ ተዋናዩ።

«አስመሳይ ነካ ነካ አድርጎ አቃተኝ ይላል። ይኼ ሊሰብረው ነበር።» ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ከሞተ በኋላ ተቀጠርኩ ያልሽው አንቺ፣ መጠጥ እንደማይቀምስ በምን አወቅሽ? ለማንም ያላሳየውንስ ለአንቺ ለምን አሳየ? ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ።» ዓይኗን አልሰበረችም። «በአባት ስለማንገናኝ ስሜን አይቶ የጠረጠረ የለም። ያንን ናስ የሠራው እቤታችን፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ከእጁ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አለቃውን በእሱ መታሁት። ከዚያ ከፍቼ አቆምኩት፤ ሲሞት እንዲያየው። አልቆጨኝም፣ አይቆጨኝምም!»

«ሻጋታ ሠሪውስ ምን በደለሽ?»

«ወንድሜ ውስጥ ሳለ መጋዘኑን የቆለፈው እሱ ነው። ዓመት ሙሉ ዓይን እየቀባሁ ሠራተኞቹ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ብገድለው ይገላገላል። ባላደረገው ነገር ተቆልፎበት፣ በር ሲደበድብ የሚከፍትለት አጥቶ እንዲያረጅ ነው የፈለግሁት።»

«አለቃ ነው ቆልፍ ያለኝ!» አለ ሻጋታ ሠሪው። «ፕላስቲክ ይሰርቃሉ ብሎ!»

«ቁልፉ የት ነበር?» አሉ መርማሪው።

«ኪሴ።»

«ሲያንኳኳ ሰምተሃል?»

«አለቃ እንጨት ነው የሚፈነዳው አለኝ...»

«አንተ ሰምተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ሻጋታ ሠሪው ናሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሰምቻለሁ» አለ።

መርማሪው ሁለቱንም እንዲያስሯቸው ፖሊሶቹን አዘዙ። ሴትዮዋ እጇን ሳትጠየቅ ዘረጋች። የእስረኛ መኪናው በር ሲከፈት ግን መሬቱን ረግጣ አልገባም አለች።

«እሱ ይቅደም» አለች። «ሲዘጋበት ልየው።»