የበግ ሸላቹ ጀርባ

ደለንዳ ለዝሃር የሚባለውን ሰው መጀመሪያ ያየችው ከማክታር ከተማ ወደ ኬፍ በሚሄድ የጋራ ታክሲ ውስጥ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ሲቀመጥ እሱ ብቻ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ወንበሩ ላይ ተንበርክኳል። እሷ ከኋላው ተቀምጣ ስለነበር ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ።

«ምነው፣ ሰጋጅ ነህ ወይስ መንገደኛ?» አለችው።

«ጀርባዬ ነው እህቴ። መቀመጥ ከለከለኝ። ዛሬ ግን አልተቀየምኩትም።»

ሳቋ አመለጣት።

ለዝሃር በግ ሸላች ነበር። ጀርባውን ያዩለት ሐኪሞች የአጥንት ቲቢ ነው ብለውት ነበር። «ዘጠኝ ወር ኪኒን ዋጥኩ፤ ሽንቴ ብርቱካን ሆነ እንጂ ጀርባዬስ ያው ነው» ይላታል እየሳቀ። እሷ በሆስፒታል ኤም አር አይ በሚባለው ማሽን የሰውነትን ውስጥ ምስል አንሺ ነበረች። በጸደይ ተዋወቁ፤ በመኸር ሽማግሌ ላከ።

አባቷ ሀጅ ተይብ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጄን ለወገበ ሰባራ አልሰጥም። ይዳንና ይምጣ» አሉ፤ አበቃ።

በዚያው የብርድ ወራት እግሮቹ ይደነዝዙ ጀመር። ሐኪም ምስል አዘዘለት፤ ተረኛዋ ደለንዳ ነበረች። እሱ ከማሽኑ ውስጥ ተጋድሞ፣ እሷ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና፣ ምስሉ ቀስ በቀስ ወጣ። አከርካሪው ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ፣ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኗ ሁለቴ በሌሎች ሕመምተኞች ላይ አይታለች። ምን እንደሆነ አወቀች።

«ደለንዳ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ በድምፅ ማጉያው።

«አትንቀሳቀስ።»

«ምን ይታያል?»

«ሐኪሙ ይነግርሃል።»

«ድምፅሽ ነገረኝ» አላት።

ሐኪሙ አልደበቀውም። «ቲቢ አይደለም፤ ከውሻ የሚመጣ ትል ነው። ውሻ የታመመ በግ ሆድ ዕቃ ይበላል፤ እንቁላሉ ከውሻው ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። ምናልባት በልጅነትህ ገብቶ ይሆናል። ጉበት ላይ ቢሆን ይቀል ነበር። አጥንት ውስጥ ግን ይሰራጫል፤ ስናወጣው ከፈነዳም ይዘራል። ቀዶ ጥገና እናደርጋለን፣ መድኃኒት ትውጣለህ። አይመለስም ብዬ ግን አልምልልህም።»

ዋና ከተማው ቱኒስ ላይ ሰባት ሰዓት ቀደዱት። በከዘራ ተራመደ። ሁለት ዓመት ያህል ደህና ነበር፤ ሀጅ ተይብም «አንድ ዓመት ደግሞ እንየው» ይሉ ነበር። ከዚያ በሽታው ተመለሰ። ያንንም ምስል ያነሳችው ደለንዳ ነበረች። ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ እግሮቹ አልታዘዙትም።

«ሂጂ» አላት ከአልጋው ላይ። «አባትሽ ልክ ነበሩ። እኔ ከእግሬ ላይ ዝንብ እንኳ ማባረር አልችልም።»

«ዝንቡን እኔ አባርረዋለሁ።»

«አትቀልጂብኝ!»

ያኔ እንባዋ ገነፈለ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ማሽኑ ያሳየኛል እንጂ አያድንልኝም! ሁለቴ ከማንም ቀድሜ አየሁት፤ ሁለቴ ምንም አላደረግኩም። ማየት ብቻ ከሆነ የተሰጠኝ፣ አጠገብህ ሆኜ ልይ።»

እጁን ዘረጋላት።

በሳምንቱ ሀጅ ተይብ መጡ። ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው የማይንቀሳቀሱትን እግሮች ተመለከቱ።

«ይዳንና ይምጣ ብዬ ነበር» አሉ። «ተሳስቼ ነው ልጄ። መዳኑን ስጠብቅ በእግርህ የቆምክባቸውን ሁለት ዓመታት በላሁባችሁ።» ወደ ደለንዳ ዞሩ። «በሉ፣ የጋብቻ ውል ጸሐፊዎች ጥሩልኝ።»

ከተጋቡ ይኸው አራተኛ ዓመታቸው ነው። ኪኒኑን አላቋረጠም፤ በሽታውም ጨርሶ አልለቀቀውም። በየስድስት ወሩ ምስል ይነሳል። አሁን ከመስታወቱ ኋላ የሚቀመጠው ሌላ ባልደረባ ነው። ደለንዳ ውስጥ ገብታ፣ ከማሽኑ አፍ ቆማ፣ የእግሩን ጣት ትይዛለች። እሱ መያዟ አይሰማውም።

«የቱን ጣቴን ነው የያዝሽው?» ይላል ከውስጥ።

«ትንሹን።»

«እሺ» ይላል፤ ማሽኑ መጮህ ይጀምራል።