ገና ኩርባው ጋ ነው

ይሄ የሆነ ነገር ነው።

ከሰው ሰው እየዞረ የመጣ ወሬ አይደለም። የደረሰባት ሴት ራሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ አንዴም ቀና ብላ ሳታየኝ የነገረችኝ ነው።

ስሟ ላሊሴ ነው። የቡራዩ ሰው ናት። ስምሽን ልቀይረው ወይ ስላት፣ አትቀይረው፣ የሚገባኝ ነው አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ... የአደጋውን ወሬ የምትጨርስበትን ዓረፍተ ነገር እንዳልጽፍ።

አልጽፈውም። ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

ጊዜው ያለፈው ሐምሌ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ቦታው ደግሞ ከሱሉልታ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች አንዲት ወተት ቤት።

ጨለማ አልነበረም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ ነው እንግዲህ...

ላሊሴ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። የድሮ መኪና ነፍሷ ነው። ወንበራቸው ተነቅሎ፣ ውስጣቸው በብረት ቱቦ ተበይዶ የሚወዳደሩ አሮጌ ቮልሶችና ፊያቶች አሉ አይደል? እነሱ በተወዳደሩበት ሁሉ ላሊሴ አለች።

ማየት ብቻ አይደለም፣ ታወራዋለች። ጨዋታ ትችላለች። የቮልስን ሞተር በአፏ ስታስነሳው ዞር ብለህ መኪናውን ትፈልጋለህ። ሱቋ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ዕቃውን ከያዘ በኋላ "እስቲ የሞቲን አውሪልን" ይላታል።

ሞቲ የሱሉልታ ልጅ ነበር። ቢጫ ቮልስ ይነዳ ነበር። አምና ግንቦት ላይ ውድድር ሲሮጥ ኩርባ ላይ ተገለበጠና ሞተ።

ላሊሴ በዚያን ቀን ኩርባው ላይ ቆማ ነበር። ገርባ የሚባል የቡራዩ ላሜራ ሠራተኛና ሙሴ የሚባል ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዋ አብረዋት ነበሩ። ሦስቱም የሞቲ ደጋፊዎች ናቸው።

ሰው የሞተበት ወሬ ምን ያስቃል ትሉ ይሆናል።

ላሊሴ ስታወራው ያስቃል። የቮልሷ ጎማ ተፈናጥሮ በሰው አናት ላይ ሲያልፍ፣ ፖሊሱ ቆቡን ጥሎ ሲሮጥ፣ ጎማው ቁልቁል ተንከባሎ አንዲት ባልቴት ድንች ማሳ ውስጥ ሲገባና ባልቴቷ በዱላ ሲቀጠቅጡት... ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና መጨረሻውን ትነግራቸዋለች። ሳቁ ቀጥ ይላል። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል።

ይቺን ዝምታ ነበር የምትወዳት። እሷው ናት እንዲህ ያለችኝ።

ያለፈው ሐምሌ ሦስቱም ለሌላ ውድድር ወደ ሱሉልታ ወጡ። ዝናቡ ግን አላስቆም አለ። አዘጋጆቹ ውድድሩ ቀርቷል ብለው ሰውን በተኑት። ታክሲ ጠፋ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጀምር ሮጠው የገቡት እዚያች ወተት ቤት ነው።

ቤቷ ትንሽ ናት። ከዝናብ የሸሸ መንገደኛ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። ባለቤቷ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ወተት እየቀዳች ታድላለች። ብዙ አታወራም።

ላሊሴ የሻሹን ጥቁርነት አይታለች። እዚህ አገር ጥቁር ያላሰረ ማን አለ ብላ አለፈችው።

ቆይቶ ገርባ ከሰዎቹ ጋር ጨዋታ ጀመረ። ጫንጮ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ፣ ኦቦ ዲሪርሳ የሚባሉ፣ በዚህ ዝናብ ምን ልታደርጉ መጣችሁ ብለው ጠየቁ። ለውድድር አለ ገርባ። ከዚያም ወደ ላሊሴ አመለከተና፣ እሷ ስታወራው ካልሰማችሁ ውድድር አላያችሁም አላቸው።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ላሊሴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

ሞቲ የሚባል ልጅ ነበር... ብላ ጀመረች።

ያኔ ነው የመጀመሪያው ነገር የሆነው። የቤቱ ባለቤት የወተቱን ማሰሮ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ሄዳም ወደ አስፋልቱ የሚያሳየውን መስኮት ዘጋችው።

ዝናቡ እንዳይገባ ነው ብላ አሰበች ላሊሴ።

ዝናቡ ግን የሚመታው በዚያ በኩል አልነበረም።

ቀጠለች። ውድድሩ ሲጀመር ሰማያዊዋ ፊያት ቀድማ እንደወጣች፣ ሞቲ ከኋላ ሆኖ እንዴት እንዳሳደዳት ነገረቻቸው። ደጅ፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር የተኛ ውሻ ነበር። ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። ጆሮውን አጣጥፎ ኦቦ ዲሪርሳ እግር ሥር ተሸጎጠ። ሽማግሌው በእግራቸው ገፋ አደረጉት። አልወጣም።

ላሊሴ የቮልሱን ሞተር በአፏ አስነሳች።

ሰዉ ሳቀ። እንዴት ታስመስለዋለች አሉ። አንደኛ ማርሽ... ሁለተኛ... ሦስተኛ... እያጋለች ሄደች። ትንፋሽዋ አለቀ። ለመተንፈስ አፏን ዘጋች።

ድምፁ አልቆመም።

ሩቅ ነበር። ከጫንጮ በኩል ነበር። የቮልስ ሞተር... በደንብ እየተረገጠ።

የሚያልፍ መኪና ይሆናል አለች በሆዷ። ሰዎቹ አሁንም ይስቃሉ። እሷ ናት የምታሰማው ብለው ነው። ዓይኗ ሙሴ ላይ አረፈ። ሙሴ የተዘጋ አፏን እያየ ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

እንዲያም ሆኖ ቀጠለች።

ጎማው ሲፈናጠር ሰዉ ሳቀ። ፖሊሱ ሲሮጥ ኦቦ ዲሪርሳ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ባልቴቷን ስታስመስል ደግሞ አንዱ ጠረጴዛ መታ። ላሊሴ ሞቅ አላት። ደጅ ያለው ድምፅ ቀረብ እያለ እንደሆነ እየሰማች... ሞቅ አላት።

እና አንዲት እርጥብ እጅ ክንዷን ያዘቻት።

የቤቱ ባለቤት ናት። ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነው የተናገረችው።

"ማሎ፣ እባክሽ እህቴ... እዚህ ላይ ተይው።"

ላሊሴም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለምን?" አለች።

"ገና ኩርባው ጋ ነው።"

"ማን?"

"ካልጨረሽው ያልፋል። አንዳንዴ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ ታክሲ ይመጣለታል። ያን ጊዜ በደህና ያልፋል... ጥሩምባ ነፍቶልኝ ያልፋል።"

ላሊሴ ሴትዮዋን አየቻት። እብድ አትመስልም። የደከማት ሰው ነው የምትመስለው።

"ባሌ ነው" አለቻት።



ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ አለችኝ ላሊሴ። የሟች ሚስት ፊት ተቀምጣ፣ ወተቷን እየጠጣች፣ ሞቱን እያስመሰለች ሰው ስታስቅ ቆይታለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቤቱ ሁሉ ግን እሷን ነው የሚያየው። ሴትዮዋ ያለችውን ከእሷ በቀር የሰማ የለም።

"ከዚያስ፣ የኔ ልጅ?" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

ሞተሩ አሁን ከቤቱ ጀርባ ነው። ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ሲጮህ ይሰማል።

ልትተወው ይገባ ነበር። ሰው ሁሉ እኔ ብሆን እተወዋለሁ ይላል። ላሊሴ ግን ከዚያ እፍረት በቶሎ መውጣት ፈለገች። የቀራት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ካለችው ወሬው ያልቃል፣ ሰዉም ዓይኑን ያነሳላታል፣ እሷም ተነስታ ትወጣለች። ሌላ አላሰበችም።

ተናገረችው።

ፈጠን አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ ተናገረችው።

ክንዷን የያዘችው እጅ ለቀቀቻት።

ከዚያ ደጅ... ያ ድምፅ መጣ።

ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። የቤቱ በር ተንገጫገጨ። አንዲት ሕፃን አልቅሳ እናቷ ብብት ውስጥ ገባች። ሰው ሁሉ አደጋ ነው፣ መኪና ተገለበጠ እያለ ወደ ደጅ ሮጠ።

ገርባ ብቻ ከወንበሩ አልተነሳም። ዕድሜውን በሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። የቮልስ ጣሪያ ነው አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ አምናም የሰማሁት ይሄንኑ ነው አለ።

አስፋልቱ ላይ መኪና አልነበረም።

ግራ የለም፣ ቀኝ የለም። ዝናቡ ብቻ ይወርዳል። ከመንገዱ ማዶ ባለው የሣር መስክ ዳር ግን የታጠረው ሽቦ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ንፋስ የለም። ሽቦው እንደ ክራር ክር ይርገበገባል።

መስኩ መሐል አንድ ቦታ ላይ ሣሩ ተኝቷል። ከተኛው ሣር ላይ እንፋሎት ይወጣል።

ሰዎቹ ትንሽ ቆመው አዩ። ነጎድጓድ ነው አለ አንዱ። የሆነ ቦታ ቆርቆሮ ወድቆ ነው አለ ሌላው። ቀስ በቀስም ወደ ቤት ተመለሱ። ኦቦ ዲሪርሳ ብቻ ኮፍያቸውን አውልቀው በዝናቡ ውስጥ ቆዩ። ምን እንደገባቸው አይታወቅም። ላሊሴን አንዴ አዩዋትና ዓይናቸውን መለሱ።

ያ አስተያየታቸው እስከ ዛሬ ይታየኛል አለችኝ።

የቤቱ ባለቤት ወጣች። አረጋሽ እንደምትባል ሙሴ በኋላ ነው ከሰው የሰማው። በአንድ እጇ እርጥብ ፎጣ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዛለች። አላለቀሰችም። የለመደችው ሥራ እንደሚጠብቃት ሰው ነው የወጣችው።

ላሊሴ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

"ስንት ቦታ አውርተሽዋል?" አለቻት።

ቁጣ የለበትም። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቀቻት።

ላሊሴ ሱቋ ትዝ አላት። የቡራዩ ታክሲ ትዝ አላት። ሰበታ፣ ሙሴ ግቢ ውስጥ፣ የፋብሪካ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ድገሚው ድገሚው ሲሏት የደገመችው ትዝ አላት። የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ በማይክራፎን ማውራቷ ትዝ አላት።

 

አረጋሽ መልስ አልጠበቀችም። አስፋልቱን ተሻገረች።

ከዚያ ወዲህ ላሊሴ ወሬውን አንስታው አታውቅም። ደንበኛ ሲጠይቃት ረስቼዋለሁ ትላለች። ግን እሷ ብትተወው ምን ዋጋ አለው፤ ከእሷ የሰሙት ሰዎች ለሌላ ሰው ነግረዋል። በቅርቡ ሰበታ ታክሲ ውስጥ አንድ የማታውቀው ጎረምሳ ሲያወራው ሰማች። የራሷን ቃላት፣ የራሷን የድምፅ አመሳሰል ሳይቀር ይዞታል። ልጁን እንዲተወው ለመነችው። ሰዉ ሳቀባት። መጨረሻውን ሳትሰማ ወርዳ በእግሯ ሄደች። እሷ አልሰማችውም እንጂ ልጁ ጨርሶታል።

የዚያን ቀን የመጨረሻውን ግን ልንገራችሁ።

ሦስቱም ቆርቆሮው ሥር ቆመው አረጋሽን ያዩ ነበር። በሽቦው ሥር ሾልካ ገባች። ሣሩ የተኛበት ቦታ ደርሳ ተንበረከከች። ፎጣውን ይዛ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ነገር ትጠርጋለች። ቀስ እያለች፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው።

ባዶ ነው። እጇ ሥር ምንም የለም።

ትንሽ ቆይታ ተነሳች። ስትነሳ ትከሻዋ በአንድ ወገን ወደ ታች ዘመመ... ክብደት እንዳረፈበት። ጃንጥላውን ዘረጋች።

ለራሷ አይደለም የያዘችው። ክንዷን ዘርግታ፣ ከራሷ ከፍ አድርጋ፣ ከጎኗ ያዘችው። እሷ በዝናቡ እየራሰች፣ ጃንጥላው ሥር ማንም ሳይኖር፣ የተጎዳ ሰው ደግፎ እንደሚሄድ ሰው እያረፈች ወደ ቤት መጣች።

ሙሴ በከንፈሩ ይጸልያል። ገርባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

በሩ ጋ ስትደርስ ላሊሴ ገለል አለች። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች አታውቅም፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ መንገድ ለቀቀች።

ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። መሬቱን ነው ያየችው።

የአረጋሽ ላስቲክ ቦቲ ጭቃው ላይ ዱካውን እየተወ አለፈ።

ከእሱ ጎን ጎን ሌላ ዱካ ነበር። አንዱ እግር ጫማ ያደረገ... አንዱ ባዶ እግር።

ላሊሴ ፊት ሲደርስ ባዶ እግሩ ቆመ። ጣቶቹ ጭቃው ውስጥ ወደ እሷ ዞሩ።

ቆመ...

ቆመ...

ዱካው ውስጥ የዝናብ ውሃ እስኪሞላ ድረስ ቆመ።